ኮሞዶር 64 እና ፊደላችን

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ አንድ ቀደምት ኮምፒዩተር ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ማሽኑን ለመምረጥ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ዛሪማ ውስጥ፣ አጎቴ ቤት፣ ከአልጋ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ለብዙ ዓመታት የኖረ አንድ ኮሞዶር 64 ነበረ። ዛሪማን ለማያውቁ የሙያ ባልደረቦቼ ለመግለጽ ያህል፣ ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን ያለፈው መንገድ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወርዶ ቆላውን ሲረግጥ የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ናት። ደባርቅ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ኮቱንም ያወልቃል።

አጎቴ በምዕራብ ጀርመን የኤሌክትሪክ ሙያ ተምረውና ጥቂት ዓመታት ሠርተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ማሽኑን ይዘውት የመጡት ከሻንጣቸው ጋር ነው። አሳባቸው በጎንደር ከተማ ሥራ ይዘው፣ ቴሌቪዥን ገዝተው፣ የቤተ ዘመዱን ልጆች ፊደል በመስኮቱ ላይ ማስቈጠር ነበረ። ነገር ግን በተመለሱ በዓመቱ አባታቸው ስላረፉ መሬቱንና ቤቱን ለመረከብ ወደ ዛሪማ ወረዱ፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ቤቱ መብራት አልነበረውም። እኛ ልጆች ዕቃውን «የአጎቴ ፒያኖ» እንለው ነበር። ቁልፎቹን እየተጫንን ድምፅ ስንጠብቅ የዋልንበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከማሽኑ ጋር አንድ የሂሳብ ደብተር ተቀምጦ ነበረ። ወደ ደብተሩ በኋላ እመለሳለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከማሽኑ ይልቅ እርሱ ነውና።

የኮሞዶር ኩባንያ ታሪክ የሚጀምረው ከጽሕፈት መኪና ነው። መሥራቹ ጃክ ትራሚየል እ.ኤ.አ. በ1928 በፖላንድ፣ ሎድዝ ከተማ ተወለደ። አይሁዳዊ በመሆኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ አውሽቪትዝ ተወስዶ በሕይወት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ሲያገለግል የጽሕፈት መኪና መጠገን ተማረ፤ ቀጥሎም በኒው ዮርክ የጥገና ሱቅ ከፈተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ኮሞዶር የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ የጽሕፈት መኪና መገጣጠምና መሸጥ ያዘ። ከጽሕፈት መኪና ወደ መደመሪያ መኪና፣ ከመደመሪያ መኪና ወደ ኪስ ካልኩሌተር ተሸጋገረ።

የካልኩሌተሩ ንግድ ለትራሚየል መራራ ትምህርት ሰጠው። ኮሞዶር ቺፖቹን የሚገዛው ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበረ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ራሱ ካልኩሌተር እየሠራ እጅግ በረከሰ ዋጋ መሸጥ በጀመረ ጊዜ ኮሞዶር ሊወድቅ ደረሰ። ከዚህም የተነሣ ትራሚየል እ.ኤ.አ. በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለውን፣ በፔንስልቬንያ የሚገኘውን ቺፕ ሠሪ ኩባንያ ገዛ። ከኩባንያውም ጋር ቸክ ፔድልና ጓደኞቹ የነደፉት 6502 የተባለው ፕሮሰሰር አብሮ መጣ። የኢንቴልና የሞቶሮላ ፕሮሰሰሮች ከመቶ ዶላር በላይ በሚያወጡበት ወቅት፣ 6502 እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 25 ዶላር ብቻ ነበረ። ኋላ የአፕል 2፣ የአታሪና የእንግሊዞቹ የቢቢሲ ማይክሮ ልብ የሆነው ይኸው ቺፕ ነው። ለኮሞዶር ግን ቺፑ የራሱ ቤት ልጅ ሆነለት፤ ሌሎች በትርፍ የሚገዙትን እርሱ በወጪው ዋጋ ይወስድ ጀመር።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1977 ፔት፣ ቀጥሎም ቪክ 20 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች አወጣ። ቪክ 20 ከ1 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ቢሆንም ሜሞሪው 5 ኪሎባይት ብቻ ነበረ። በ1981 እ.ኤ.አ. የሞስ ቴክኖሎጂ መሐንዲሶች አል ቻርፐንቲየርና ቦብ ያንስ ሁለት አዳዲስ ቺፖችን፣ አንዱን ለሥዕል፣ አንዱን ለድምፅ ነድፈው ጨረሱ። ትራሚየልም በእነዚህ ቺፖች የሚሠራ፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው ኮምፒዩተር በጥር ወር ለሚከፈተው የላስ ቬጋስ ኤግዚቢሽን እንዲደርስ አዘዘ። የቀረው ጊዜ ሁለት ወር አይሞላም ነበር። አዲስ ሣጥን ለመንደፍ ፋታ ስላልተገኘ የቪክ 20ን ሣጥን ቀለሙን ለውጠው ተጠቀሙበት።

ማሽኑ ለሕዝብ የታየው በጥር፣ ለገበያ የቀረበው በነሐሴ ነው፤ ሁለቱም በእኛ አቈጣጠር 1974 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1982 ላይ ይውላሉ። የመሸጫ ዋጋው 595 ዶላር ነበረ። ኮሞዶርን ለማምረት የሚያስወጣው ግን 135 ዶላር ያህል እንደ ነበረ ይነገራል፤ በዓመቱ የመሸጫ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ገደማ ሊወርድ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። እስከ 1994 እ.ኤ.አ.፣ ኩባንያው እስከ ከሰረበት ዓመት ድረስ ማሽኑ መሠራቱ አልተቋረጠም። የተሸጠውን ብዛት አንዳንዶች 12 ሚሊዮን ተኩል፣ ሌሎች 17 ሚሊዮን ያደርሱታል። ዝቅተኛውን ግምት ብንወስድ እንኳ በአንድ ሞዴል ይህን ያህል የተሸጠ የቤት ኮምፒዩተር አልነበረም።

ወደ ውስጡ እንግባ። ክዳኑን የያዙት ሦስት ብሎኖች ናቸው። ሲከፈት አንድ ቦርድ ብቻ ይታያል። ፕሮሰሰሩ 6510 የ6502 ታናሽ ወንድም ነው፤ በአውሮፓው ሞዴል በሴኮንድ 985,248 ጊዜ ይመታል። ስምንት የሜሞሪ ቺፖች እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት ይዘው በአንድነት 64 ኪሎባይት ይሰጣሉ። ከእነርሱ ሌላ በፋብሪካ የተጻፈ 20 ኪሎባይት ቋሚ ሜሞሪ አለ። 8ቱ የቤዚክ ቋንቋ፣ 8ቱ የማሽኑ አስተዳዳሪ ፕሮግራም፣ 4ቱ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ቅርጽ ማኖሪያ ናቸው።

እዚህ ላይ ማንኛውም የሙያ ባልደረባ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። የፕሮሰሰሩ የአድራሻ መስመሮች 16 ስለ ሆኑ ሊጠራ የሚችላቸው አድራሻዎች 65,536 ብቻ ናቸው። ይህንንም 64ቱ ኪሎባይት ብቻውን ይጨርሰዋል። ታዲያ 20ው ኪሎባይት የት ይቀመጥ? ነዳፊዎቹ ሁለቱን በአንድ አድራሻ ላይ ደራረቧቸው። በአድራሻ ቁጥር 1 ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ ፒ ኤል ኤ በሚባል ቺፕ አማካይነት፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚታይ ይወስናል። ማሽኑ ሲነሣ ለቤዚክ 38,911 ባይት ነፃ መሆኑን በመስኮቱ ላይ ይጽፋል፤ ገዢውም «64 ኪሎባይት ብለው የሸጡልኝ የቀረው የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። አብዛኛው በቋሚው ሜሞሪ ሥር ተኝቶ አለ። በሩን መክፈት የሚያውቅ ያገኘዋል።

ቪክ 2 የተባለው የሥዕል ቺፕና ፕሮሰሰሩ የሚጠቀሙት በዚያው በአንዱ ሜሞሪ ነው። አሠራራቸው በእኛ አገር ገበሬዎች ዘንድ ያለውን መቀናጆ ያስታውሰኛል። አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ጥማዱን በተራ እንደሚያርሱበት ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ምት የመጀመሪያ አጋማሽ ሜሞሪው የቪክ 2፣ በሁለተኛው አጋማሽ የፕሮሰሰሩ ነው። ችግሩ ቪክ 2 በየስምንት መስመሩ የአንድ ረድፍ ፊደላትን ለማንበብ ተጨማሪ 40 ምት የሚፈልግ መሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን መስመሮች ክፉ መስመሮች ይሏቸው ነበር።

ሲድ ስለ ተባለው የድምፅ ቺፕ ብዙ ተጽፎአል፤ ነዳፊው ቦብ ያንስም ኋላ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆኖአል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሦስቱ ድምፆች ቃና እያንዳንዱ በ16 ቢት ቁጥር የሚወሰን በመሆኑ ከአንድ ሄርትዝ አሥራ ሰባተኛ እጅ ያህል ጥቃቅን ልዩነት ማበጀት ይቻላል። ፒያኖ የማይሰጠውን የማሲንቆ ቅኝት በዚህ ቺፕ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። አምባሰልን ሞክሬው አላሳፈረኝም።

ማሽኑ ነውር አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የዲስክ ማንበቢያው 1541 የራሱ 6502 ፕሮሰሰር ያለው፣ በራሱ አንድ ኮምፒዩተር የሚሆን መሣሪያ ሆኖ ሳለ ከእናት ማሽኑ ጋር የሚገናኝበት መስመር እንደ ኤሊ የሚሄድ ነበረ፤ በሴኮንድ ከ400 ባይት ገደማ አያልፍም። ፒ ኤል ኤው በሙቀት ይቃጠላል። ከሁሉ የከፋው ግን ፓወር ሰፕላዩ ነው። በሙጫ ተሞልቶ የተደፈነ ጥቁር ጡብ ሲሆን፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ስለሌለው ውስጡ ያለው ሬጉሌተር ያረጃል። ሲበላሽም እንደ ሌሎቹ ዝም ብሎ አይሞትም። 5 ቮልት መስጠት የሚገባው መስመር ከመጠን በላይ ቮልት ይሰጥና የሜሞሪ ቺፖቹን ይዞ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ነገር የነደፈ ሰው የርካሽ ዋጋን ትእዛዝ ፈጽሞአል፤ የመሐንዲስነትን ግን አልፈጸመም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ቪክ 2 በመስኮቱ ላይ በ40 ዓምድና በ25 ረድፍ ጽሑፍ ይጽፋል። የእያንዳንዱ ፊደል ቅርጽ 8 በ8 ነጥቦች ነው። አንዱ መስመር 8 ነጥብ፣ ማለትም አንድ ባይት ስለ ሆነ አንድ ፊደል 8 ባይት ይፈጃል፤ 256 ፊደላትም 2 ኪሎባይት ይይዛሉ። ትልቁ ቁም ነገር ያለው ቀጥሎ ነው። ቪክ 2 እነዚህን ቅርጾች ከቋሚው ሜሞሪ ብቻ እንዲያነብ አልተገደደም። በአድራሻ 53272 ላይ አንድ ቁጥር በመለወጥ፣ «ቅርጾቹን ከዚህ ሳይሆን እኔ ከጻፍሁበት ቦታ አንብብ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ማሽኑ የላቲን ፊደል ማሽን መሆኑ ይቀራል፤ ባለቤቱ የሳለውን ሁሉ ፊደል ነው ብሎ ይቀበላል።

በአጎቴ ደብተር ውስጥ የነበረው ይህ ነው። ከአንድ የጀርመን መጽሔት ዘዴውን አንብበው በክረምት ማታ ማታ ከሀ ጀምረው በእርሳስ እያጠቈሩ ሥለዋል። በየካሬው ጐን ስምንት ስምንት ቁጥር ተጽፎአል። ለምሳሌ የበ ቁጥሮች 124፣ 68፣ 68፣ 68፣ 68፣ 68፣ 68፣ 0 ናቸው። 124 የላይኛው ጣሪያ፣ 68 ሁለቱ እግሮች፣ 0 ከታችኛው ረድፍ የሚለየው ባዶ መስመር ነው። ቡን ለመሥራት አራተኛውን ቁጥር ብቻ 70 ማድረግ ይበቃል፤ የቀኝ እግሩ ወገብ ላይ አንዲት ነጥብ ትቀጠላለች። ያችው 70 ወርዳ ሰባተኛ ብትሆን ቢ ይሆናል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ቁጥር 4 ቢሆኑ የግራ እግሩ ያጥርና ባ ይወጣል። ፊደላችን ለእንዲህ ያለው ሥራ እንዴት የተመቸ እንደ ሆነ ደብተሩን ሳገላብጥ ነው የገባኝ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩም የተመረኰዙት በዚሁ ጠባዩ ላይ ነው። ለሁሉም ፊደል ቁልፍ ማበጀት ስለማይቻል፣ ቅጥሉን ለብቻው መትቶ ከግእዙ ቅርጽ ጋር ማጋጠም አስፈልጎአቸዋል።

ይሁን እንጂ ሂሳቡን እናስላ። 33ቱ የፊደል ዘሮች በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ከ256 የሚተርፈው 25 ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ለባዶ ቦታ 1፣ ለአኀዝ 10፣ ለሁለት ነጥብ፣ ለአራት ነጥብ፣ ለነጠላ ሠረዝና ለድርብ ሠረዝ 4፣ ለጥያቄና ለቃለ አጋኖ 2፣ ለቅንፍ 2፣ ለትእምርተ ጥቅስ 2፣ በጠቅላላው 21 ይወጣል። የሚቀረው 4 ነው። 20ዎቹ ዲቃሎች፣ እነ ቈና ኰ፣ የት ይግቡ? የእነ ሏና ሟ ወገኖችስ? አጎቴ ለአራቱ ቦታ የመረጧቸው ቋ፣ ኳ፣ ጓ እና ቪ ናቸው። ቪ የተመረጠችበትን ምክንያት ስጠይቃቸው ያለ እርሷ «ቴሌቪዥን» የሚለውን ቃል በቴሌቪዥኑ ላይ መጻፍ እንደማይቻል አስረዱኝ። ለእነ ሏ ደግሞ የቀድሞዎቹ ጋዜጦች እንደሚያደርጉት «መጥቷል» በማለት ፈንታ «መጥቶአል» ብሎ መጻፍ ይቻላል ብለው ተዉአቸው።

ከዚህ የቀለለ መንገድ ነበረ። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች፣ ማለት ሐንና ኀን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን መጣል ነው። አምስቱ ዘሮች በ7 ሲባዙ 35 ቦታ ይለቃሉ፤ ዲቃሎቹና የቨ ዘር ሁሉ ገብተው ገና ቦታ ይተርፋል። ይህ አሳብ በአገራችን ከኮምፒዩተር በፊት ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ማሽን ሲመጣ ደግሞ የኢኮኖሚ ልብስ ለብሶ ይመጣል። አጎቴ ግን ያደጉት በደብር አጠገብ ነውና አልተቀበሉትም። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ደግሞ ዘረፈ ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ ነው። ቦታ ጠበበ ተብሎ ፀሐይን ሌባ ማድረግ እንዴት ይሆናል? እኔም በወጣትነቴ የፊደል ቅነሳ ደጋፊ የነበርሁ ስሆን በዚህ ነገር የምስማማው ዛሬ ከእርሳቸው ጋር ነው። ምክንያቴ ግን ከእርሳቸው ይለያል። የሜሞሪ ጥበት በየዓመቱ እየሰፋ የሚሄድ ጊዜያዊ ነገር ነው፤ ጊዜያዊ ለሆነ ነገር ተብሎ የተጣለ ፊደል ግን የሚመልሰው አይገኝም።

ደብተሩ የሚያልቀው በ27ኛው ዘር፣ በጠ ቤት ነው። 189 ፊደሎች በንጽሕና ተሥለዋል። በቀጣዩ ገጽ ላይ ጨ አራት ጊዜ ተሞክሮ አራቱም ተሰርዞአል። ከዚያ በኋላ ባዶ ወረቀት ነው።

«አጎቴ፣ ጨ ላይ ሲደርሱ ለምን አቆሙ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ መች አቆምሁ» አሉኝ። «ነጥቡ ነው ያለቀብኝ።»

እውነታቸውን ነው። ከስምንቱ ዓምድ አንዱ ከጎረቤት ፊደል ለመለየት ባዶ ስለሚተው ለቅርጹ የሚቀረው 7 ነጥብ ነው። ጨ ከጠ የሚለየው በእግሮቹ ሥር ባሉት ቀለበቶች ነው። አንድ ቀለበት መካከሉ ባዶ ሆኖ እንዲታይ ቢያንስ 3 ነጥብ ይፈልጋል። ሁለት ቀለበት፣ የመካከሉ እግርና ሁለት ክፍተቶች ሲደመሩ 9 ይሆናሉ። ዘጠኝን በሰባት ውስጥ የሚያስገባ ብልኃት የለም።

መፍትሔው በዚያው ማሽን ውስጥ ነበረ። ቪክ 2 ጽሑፍ ብቻ አይጽፍም፤ 320 በ200 ነጥብ ያለውን መስኮት በሙሉ ነጥብ በነጥብ መሣል ይችላል። ይህም 8,000 ባይት ይወስዳል። እያንዳንዱን ፊደል 16 በ16 ነጥብ ብናደርገው በ32 ባይት ይቀመጣል። ፊደሉን ከነዲቃሎቹ፣ ከቨ ዘር፣ ከእነ ሏ፣ ከአኀዝና ከምልክቶች ጋር 300 ብንለው 9,600 ባይት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 17,600 ባይት፣ የሜሞሪውን ሩብ ትንሽ የሚያልፍ ነው። በአንድ ጊዜ 20 ፊደል በ12 ረድፍ ይታያል፤ ለሕፃናት ማስተማሪያ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። አንድም ፊደል አይጣልም። እንቅፋቱ ሌላ ነበረ። የማሽኑ ቤዚክ አንድም የመሣያ ትእዛዝ የለውም፤ መስኮቱን ለማጽዳት ብቻ እንኳ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሥራው የፕሮሰሰሩን የራሱን ቋንቋ ማወቅን ይጠይቃል። አጎቴ ሞተር መጠምጠም የሚያውቁ ሰው ናቸው እንጂ ይህን የሚያስተምራቸው ሰውም ሆነ መጽሐፍ አልነበራቸውም። የፕሮግራም ጸሐፊዎች መምሪያ የተባለው የኮሞዶር መጽሐፍ ይህን ሁሉ ከነቦርዱ ሙሉ ንድፍ አትሞ ይሸጥ ነበር። መኖሩን ከእኔ ነው የሰሙት።

በአገራችን ኮምፒዩተር የገባው በመሥሪያ ቤት በር ነው። የቤት ኮምፒዩተር ቴሌቪዥንና መብራት ይፈልጋል። የእኛ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ ባለቀለም ሥርጭት የተጀመረው በ1977 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሣሪያውም መብራቱም ከጥቂት ከተሞች ውጭ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ከጽሕፈት መኪና ተነሥተን በቀጥታ ወደ ቢሮው ኮምፒዩተር አለፍን። የአይ ቢ ኤም የመጀመሪያው ባለ አንድ ቀለም የጽሑፍ ካርድ ደግሞ የፊደላቱን ቅርጽ ፕሮሰሰሩ እንኳ ሊደርስበት በማይችል ቋሚ ሜሞሪ ውስጥ የቈለፈ ነበር። በ595 ዶላር የተሸጠው መጫወቻ ለባለቤቱ የሰጠውን ነፃነት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ያለው የቢሮ ማሽን ነፈገ። ፊደላችንን በዚያ ላይ ለመጻፍ የተነሡ ሁሉ ወይ ነጥብ በነጥብ መሣል፣ ወይ እንደ ቪ ጂ ኤ ያሉ ቅርጽ የሚቀበሉ ካርዶች እስኪወጡ መጠበቅ ነበረባቸው።

ይህን ስል ድካማቸውን ለማሳነስ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአማርኛ ቴሌፕሪንተር እንዲሠራ ያደረጉት ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በየፊናቸው የግእዝ ፊደል ፕሮግራም ያዘጋጁት አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ አጋፋሪ የተባለውን ፕሮግራም ያወጡት የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ባለሙያዎች፣ ሁሉም በጠባብ ቦታ ሰፊ ሥራ ሠርተዋል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። ጉዳቱ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ይህ የተቃናው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቁጥሮችን ከመደበ በኋላ ነው። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ሠም ሰም፣ ኀም ሐም፣ ዲቃሎቹም ሁሉ የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

የአጎቴን ማሽን ወደ ጎንደር የወሰድሁት ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ከዓመታት በኋላ ነው። ጥቁሩን ጡብ በቮልት መለኪያ ስለካው የ5 ቮልቱ መስመር ከ7 በላይ አነበበልኝ። ዛሪማ መብራት በገባ ጊዜ አጎቴ ሰክተውት ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሠራሁለት፤ 5 ቮልት ቀጥተኛና 9 ቮልት ተለዋዋጭ ማውጣት እንጂ ሌላ ጥበብ አይጠይቅም። አንድ የሜሞሪ ቺፕ ሞቶ ስለ ነበር በካውያ ነቅዬ ለወጥሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰማያዊው መስኮት ሲመጣ 38,911 የሚለውን ቁጥር ሳይ የልጅነት ፒያኖአችን ድምፅ የሰጠ መሰለኝ።

ከደብተሩ 189 ፊደሎች በ8 ተባዝተው 1,512 ቁጥሮችን አንድ በአንድ አስገባሁ። በስሕተት የገቡት ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ስድስቱም የእኔ እንጂ የደብተሩ ስሕተት አልነበሩም። ከዚያም በፕሮሰሰሩ ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጽፌ እያንዳንዱን ነጥብ በአራት ነጥብ በማባዛት ወደ 16 በ16 አሳደግኋቸው። ከቀሩት ውስጥ የሣልሁት የጨን ቤት ሰባት ፊደሎች ብቻ ነው።

አጎቴ ለሕክምና ወደ ጎንደር በመጡ ጊዜ ቤት ወስጄ አሳየኋቸው። ከሀ ጀምረው ረድፍ በረድፍ፣ በጣታቸው መስኮቱን እየነኩ አነበቡ። ጨ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደ ገና አዩት። «ቀለበቱ ክፍት ነው» አሉ። ቀጥለው የሂሳብ ደብተሩንና እርሳስ ጠየቁኝ። ገጹን በ16 በ16 አስመሩልኝ፤ ጰን ጀመሩ። የቀሩትን 35 ፊደሎች እኔ እንዳልነካቸው ከልክለውኝ ደብተሩን ይዘው ወደ ዛሪማ ወረዱ።